የሚጠፋ ሞተር፣ የሚባክን ገንዘብ፦ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና ሲያስቸግር ከዕቃ ግዢ በፊት ምርመራ ይቅደም

የበረዶው ወራት አልፎ የፍሮግታውን የጓሮ መንገዶች መድረቅ ሲጀምሩ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ተዘግተው የከረሙት ጋራዦች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ከብዙዎቹ የሣር ማጨጃና ብስክሌት ይወጣል። ከአንዳንዶቹ ግን ሸራ የለበሰ አሮጌ መኪና ይወጣል። ከእኛ ወገን ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ያለው ቮልስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲ፣ በኋላም ላዳ፣ ከሁሉም ይበልጥ ግን ቮልስ ዓይኑ ውስጥ አለ። እዚህ ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ ሲተርፈው የልጅነቱን መኪና መግዛት ቢያምረው የሚፈረድበት አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ «ይህ አምድ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ጉዳይ የሚነሣበት ነው፤ ካርቡሬተር እዚህ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የጥገና ደረሰኞቻችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳሉ። ከእነዚህ ደረሰኞች የምረዳው አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ የሚያልቀው መኪናው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዕቃ ስለሚገዛ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ባለሱቅ ደምበኛዬን ጉዳይ ልጥቀስ። የ1973 ቮልስ አለው። መኪናው በደንብ ይነሣል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል በደንብ ይሄዳል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል። በመጀመሪያው ደረሰኝ ካርቡሬተሩ ተለወጠ። በሁለተኛው የቤንዚን ፖምፑ ተለወጠ። በሦስተኛው ኮይሉና ዲስትሪቢዩተሩ ተለወጡ። ድምሩ 1,140 ዶላር ሆነ። መኪናው ግን አሁንም በሃያኛው ደቂቃ ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መኪናው በጠፋበት ሰዓት የቤንዚን ታንኩን ክዳን ሲከፍት «ፉሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ታንኩን የሚያስተነፍሰው ቀጭን ቱቦ ተጣጥፎ ኖሯል። ቤንዚን ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ፖምፑ መሳብ ያቅተዋል። ቱቦውን መለወጥ አሥር ዶላር አልፈጀም።

በውጭ አገር የሒሳብ አያያዝ ስንማር መምህራኖቻችን ደጋግመው የሚሉት ነገር ነበር። የሙከራ ሚዛኑ አልገጥም ሲል ልዩነቱን «ያልታወቀ ሒሳብ» ውስጥ ጥላችሁ አትለፉ፤ ልዩነቱ የተፈጠረበትን ገጽ ፈልጉ ይሉን ነበር። ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ ልዩነቱን ያልታወቀ ሒሳብ ውስጥ እንደመጣል ነው። አበውም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ።

መኪናው በእርግጥ ካርቡሬተር አለው?

ይህ ጥያቄ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የተሸጡ ቮልሶች እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነዳጅ የሚወስዱት በኢንጄክሽን ነው። ስለዚህ የ1974 ቮልስና የ1976 ቮልስ ከውጭ መንትያ ቢመስሉም ሕመማቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። በሌሎችም መኪናዎች ቢሆን ካርቡሬተር ከአሜሪካ አዲስ መኪናዎች የጠፋው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ታክሲ የምትነዱባቸው መኪናዎች የላቸውም።

ቢሆንም ታክሲ ነጂውና ባለሱቁ ይህን ጽሑፍ እንዳያልፉት እመክራለሁ። የበረዶ መጥረጊያ ማሽናችሁና መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ የምታስነሡበት አነስተኛ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ ካርቡሬተር አላቸው። የሴንት ፖል ከተማ ደንብ በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛ መንገዱን እንድትጠርጉ ያስገድዳል። ማሽኑ አልነሣ ብሎ የሚያዘገያችሁ ምክንያት ቮልሱን የሚያቆመው ያው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ካርቡሬተር ሥራው ምንድን ነው?

ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅል ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። በጠባቡ ቦታ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ጄት በሚባሉ ጥቃቅን የነሐስ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ አየሩ ይሳባል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። ቤንዚን ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል፤ ካነሰ ደግሞ ይራባል።

በካርቡሬተሩ ጎን ትንሽ የቤንዚን ጎድጓዳ አለች። በውስጧ ተንሳፋፊ አለ። የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ከፍታችሁ ካያችሁ አሠራሩ ያው ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ በመርፌ መሳይ መዝጊያ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ወርዶ ይከፍተዋል። ከዚህ ሌላ ሞተሩ ብርድ ላይ ሲነሣ አየር የሚቀንስ ቾክ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ (መካኒኮቻችን ሚኒሞ የሚሉት) የሚመግብ የራሱ ቀጭን መንገድ፣ በፍጥነት ሲኬድ የሚመግብ ዋና ጄት፣ እግራችሁን ድንገት ስትጫኑ ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ ፖምፕ አለ። መኪናው የሚጠፋበትን ሰዓት ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው እነዚህ መንገዶች የተለያዩ በመሆናቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተንሸራተተ የውኃ ማሞቂያ እሳት ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቤንዚን ቱቦ የምትፈቱት ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ በርዶ፣ ሲጋራ ሳይኖር፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ይሁን። የቮልስ ሞተር አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል። በቮልስ ሞተር ክፍል ውስጥ ቤንዚን የሚያስገባው የካርቡሬተሩ የነሐስ አፍ አርጅቶ ይላላል፤ ሊወልቅም ይችላል። በእጃችሁ ነካ አድርጋችሁ ፈትሹት። የፕላስቲክ ማጣሪያም ከሞተሩ በላይ አታንጠልጥሉ፤ ቦታው ከሞተሩ ክፍል ውጭ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ደግሞ ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። በብርድ ጊዜ በሩን ዘግቶ ማሞቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

መቼ ነው የሚጠፋው?

ታክሲ የሚነዳ ሰው የማይል መዝገብ መያዝ ያውቃል። ለአሮጌው መኪናም እንዲሁ አንድ ደብተር ይኑረው። መኪናው በጠፋ ቁጥር አምስት ነገር ጻፉ፦ ከተነሣ ስንት ደቂቃው ነው፣ የውጭው ሙቀት ስንት ነበር፣ ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ፣ ታንኩ ምን ያህል ቤንዚን ነበረው፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ተነሣ። ሦስት አራት ጊዜ ከጻፋችሁ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል።

ሲበርድ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ቾኩ አልዘጋም ማለት ሊሆን ይችላል። በደንብ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚታፈን፣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ ቾኩ አልከፈተም፣ ወይም ተንሳፋፊው ሰምጧል፣ ወይም በመርፌው ሥር ቆሻሻ ገብቷል። በመንገድ ላይ ደህና ሆኖ መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ ሚኒሞውን የሚመግበው ቀጭን መንገድ ተደፍኗል፣ ወይም በካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጋስኬት ትርፍ አየር ይገባል። መንደር ውስጥ ደህና ሆኖ አይ-94 ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚዝል ከሆነ ቤንዚኑ በበቂ መጠን አይደርስም። ማጣሪያው፣ ፖምፑ ወይም የታንኩ መውጫ ይመርመር። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ የታንኩን መተንፈሻ፣ የኮይሉን ሙቀትና ከዚህ በታች የማነሣውን በረዶ አስቡ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የሚከተሉት ፍተሻዎች ዋጋቸው ከጥቂት ዶላር አይበልጥም። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ፤ ውጤቱንም ጻፉ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

አንደኛ፦ ታንኩ በእርግጥ ቤንዚን አለው? የአሮጌ መኪና የነዳጅ መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል።

ሁለተኛ፦ መኪናው በጠፋበት ቦታ፣ ከመንገድ ወጥታችሁ፣ ሞተሩ እንደጠፋ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ሲገባ ድምፅ ከተሰማና መኪናው ወዲያው ከተነሣ መተንፈሻው ተደፍኗል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፦ የአየር ማጣሪያውን አንሡ። ሞተሩ እንደጠፋ ሆኖ የካርቡሬተሩን የነዳጅ መስጫ ክንድ በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ጉሮሮው ተመልከቱ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ ጎድጓዳዋ ቤንዚን አላት ማለት ነው። እንግዲያስ ጥፋቱ ከፖምፑና ከታንኩ ሳይሆን ከጄቶቹ ወይም ከእሳቱ በኩል ነው። ምንም ካልተረጨ ጎድጓዳዋ ባዶ መሆኗ ያሠጋል፤ ወደ ኋላ ወደ ፖምፑ እንሂድ። ይህች የግማሽ ደቂቃ ፍተሻ መላውን ምርመራ ለሁለት ትከፍለዋለች።

አራተኛ፦ ጎድጓዳዋ ባዶ ከሆነች ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ፈትታችሁ ጫፉን ረዘም አድርጋችሁ ቤንዚን በሚችል ዕቃ ውስጥ፣ ከሞተሩ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። የኮይሉን ሽቦ አውጡና ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት፤ ብልጭታ እንዳይኖር። ከዚያ ሌላ ሰው ሞተሩን በቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ያዙረው። ቤንዚኑ በኃይል እየተመታ ከመጣ ፖምፑ ደህና ነው፤ የካርቡሬተሩ መግቢያ ይታይ። ደካማ ከሆነ ወይም አረፋ ካለው ፖምፑን ከመኮነናችሁ በፊት ከታንክ እስከ ፖምፕ ያለውን ቱቦ ሁሉ ፈትሹ። በዚህ በኩል ያለ የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ሳያንጠባጥብ አየር ይስባል፤ ስለዚህ በዓይን አይታወቅም። ማጣሪያው ውስጥ ቡናማ ዝገት ካያችሁ ደግሞ ታንኩ ዝጓልና አዲስ ካርቡሬተር ብትገዙም በወሩ ይደፈናል።

አምስተኛ፦ የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ የፖምፑ ዲያፍራም ተቀዷል ወይም ካርቡሬተሩ እየፈሰሰ ነው። ቤንዚን የገባበት ዘይት ሞተሩን ይበላዋልና ሳትለውጡት አታስነሡ።

ስድስተኛ፦ በብዙ ቮልስ ካርቡሬተሮች ጎን ላይ አንድ ሽቦ የገባባት ትንሽ ማግኔታዊ መዝጊያ አለች። ቁልፉን ከፍታችሁ ሽቦዋን ነቅላችሁ ስትመልሱ «ቀጭ» ማለት አለባት። ካላለች ኤሌክትሪክ አልደረሳትም ወይም ሞታለች፤ መኪናውም ሚኒሞ አይዝም።

ሰባተኛ፦ እሳቱ። ካርቡሬተር የሚከሰስበት ብዙ ወንጀል የኮንደንሰር ወይም የኮይል ነው። ኮይል ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሣል፤ ምልክቱ ከቤንዚን ማጣት ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱን የምታውቁት መኪናው በጠፋበት ሰዓት በርካሽ በሚገዛ የብልጭታ መፈተሻ ነው። ቤንዚን በተፈታበት ሰዓት ግን እሳት አትፈትኑ። ካንዴላውንም አውጥታችሁ ተመልከቱ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጣ ያለ ከሆነ አንሷል፤ ፈዛዛ ቡና ቀለም ከሆነ ጤነኛ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዕቃ የተገዛበት ቦታ እንደሌለ ልብ በሉ። ዕቃ ስትገዙም ለኢንጄክሽን የተሠራ የኤሌክትሪክ ፖምፕ ለካርቡሬተር አትግጠሙ። ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ መርፌውን አልፎ ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል።

የአዲስ አበባ ልማድና የሚኒሶታ አየር

ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው የመኪና እውቀት ጥሩ እውቀት ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ፍሮግታውን ደግሞ ከ300 ሜትር በታች ነው። በአዲስ አበባ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ የአዲስ አበባ መካኒክ የመጀመሪያ ፍርዱ «ቤንዚን በዝቶበታል፣ ቀንስለት» ቢሆን ትክክል ነው። እዚህ ያንኑ ፍርድ መድገም ግን ያሳስታል። እዚህ የብዙ አሮጌ መኪና ችግር ቤንዚን ማነስ ነው። ሲሞቅም ቾክ የሚፈልግ፣ እግር ሲጫኑት የሚደናቀፍ፣ በካርቡሬተሩ በኩል የሚያስል መኪና የተራበ መኪና ነው።

ለዚህም አንዱ ምክንያት ቤንዚኑ ነው። በሚኒሶታ ለተራ መኪና የሚሸጠው ቤንዚን ቢያንስ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኢታኖል ኦክስጅን ስላለው ቅልቅሉን ያቀጥናል፤ የድሮ ጎማ ቱቦዎችንና ዲያፍራሞችን ያበላሻል፤ በታንኩ ውስጥ የኖረ ዝቃጭ አንሥቶ ማጣሪያ ይደፍናል፤ ውኃም ይስባል። ለዚህ የሚኒሶታ ሕግ መውጫ አለው። ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን ለአሮጌ የስብስብ መኪናዎች፣ ለሞተር ብስክሌት፣ ለጀልባና ለአነስተኛ ሞተሮች እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በአንዳንድ ማደያዎች ለብቻው ፖምፕ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ይገኛል። ዋጋው ከፍ ይላል። ነገር ግን በዓመት ጥቂት መቶ ማይል ለሚሄድ ቮልስና ለበረዶ መጥረጊያ ማሽን ልዩነቱ ከአንድ የጥገና ደረሰኝ ያንሳል።

በአንጻሩ ከተለመደው ረከስ ብሎ «88» በሚል ቁጥር የሚሸጠው ቤንዚን 15 በመቶ ኢታኖል ያለው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የፈቀደው ለ2001 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩ መኪናዎች ብቻ ነው። ለታክሲያችሁ የሚሆን ቢሆንም ለቮልሱም ለበረዶ ማሽኑም አይሆንም። ለታክሲ የተገዛውን ቤንዚን በጀሪካን ወስዶ ለማሽን ማፍሰስ የቁጠባ ሳይሆን የኪሳራ መንገድ ነው።

ከቤንዚኑ ሌላ ደግሞ የአየሩ ጠባይ አለ። ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ በጉሮሮው ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ይህ የሚሆነው በጃንዋሪ ደረቅ ብርድ ሳይሆን፣ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ እርጥብ ቀን፣ ማለትም በአፕሪልና በኦክቶበር መሆኑ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ በረዶውን ያቀልጠዋልና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። መካኒኩ ዘንድ ስትደርሱ ምልክቱ ጠፍቷል። በቮልስ ላይ ለዚህ መከላከያ የተሠራው በካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፍ የሙቀት ቱቦ ነው። በጥላሸት ከተደፈነ ሞተሩ ሞቆም ይህ ቱቦ እንደበረደ ይቀራል። ወደ አየር ማጣሪያው ሞቃት አየር የሚወስደው ቱቦም በቦታው መኖሩን እዩ።

የተቃራኒው ሕመም ደግሞ በሙቀት ጊዜ ቤንዚኑ በቱቦ ውስጥ መፍላቱ ነው። ለብርድ ወራት የሚሸጠው ቤንዚን በቀላሉ እንዲተን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ታንኩ ውስጥ የከረመውን ይዛችሁ በሜይ ወር ሞቃት ቀን ከወጣችሁ ፖምፑ ቤንዚን ሳይሆን ተን ይስባል። ስለዚህ መኪናውን ስታሳድሩ ኢታኖል በሌለው ቤንዚን ታንኩን ሞልታችሁ፣ ማቆያ መድኃኒት ጨምራችሁ፣ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ ይሁን።

ጋራዥ ስትሄዱ

ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛችን ቢያንስም «ከተነሣ በ20 ደቂቃ ይጠፋል፣ ክዳኑ ሲከፈት ይነሣል» የሚል ጽሑፍ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የሚኒሶታ ሕግም ከእናንተ ጋር ነው። ከ100 ዶላር በላይና ከ7,500 ዶላር በታች ለሆነ ጥገና የጽሑፍ ግምት፣ ኢስቲሜት የሚባለውን፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከተሰጠ በኋላ ያለ እናንተ ፈቃድ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ማስከፈል አይቻልም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከጠየቃችሁ፣ በልዋጭ የሚመለስ ወይም በዋስትና የተተካ ካልሆነ፣ ሊመልሱላችሁ ይገባል። እነዚህን ለመጠየቅ ዜግነት አያስፈልግም። «ቅር ይላቸዋል» ብላችሁ አትፍሩ።

ምክር የምትፈልጉ ከሆነም በየዓመቱ በጁን ወር በስቴት ፌር ግቢ የሚካሄደውን «ባክ ቱ ዘ ፊፍቲስ» የተባለ የመኪና ትርኢት እዩት፤ ከፍሮግታውን ሩቅ አይደለም። የሚቀርቡት እስከ 1964 የተሠሩ መኪናዎች ናቸው። የዕቃ ገበያም አለው። እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ካርቡሬተር ከጠየቃችኋቸው ምሳችሁን አያስበሏችሁም።

በመጨረሻም ሒሳቡ

ዕድሜው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና በሚኒሶታ የስብስብ መኪና ታርጋ ሊያወጣ ይችላል። በየዓመቱ አይታደስም፤ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ነገር ግን ለዕለት መጓጓዣ የተመዘገበ ሌላ መኪና ሊኖራችሁ ይገባል፤ በዚህ ታርጋ ደግሞ ለዕለት ሥራ መንዳት አይፈቀድም። ዕቃ ማድረስ፣ ሰው ማመላለስ የተከለከለ ነው። በዚህም ምክንያት የቮልሱን ጥገና የሱቁ ወጪ አድርጋችሁ ለመመዝገብ የምታመጡልኝ ሰዎች አስቡበት። በአንድ በኩል ለስቴቱ «ለሥራ አልነዳውም» ብሎ መፈረም፣ በሌላ በኩል ለፌዴራሉ ግብር ቢሮ «የሥራ ወጪዬ ነው» ማለት አብረው አይሄዱም። የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ወጪ ከግብር አይቀነስም። በእርግጥ ለሥራ የምትነዱት ከሆነ መደበኛ ታርጋና የንግድ ኢንሹራንስ አውጡ፣ የማይል መዝገብ ያዙ። በማይል ስሌት ከተቀነሰ ደግሞ ያው ስሌት ቤንዚኑንም ጥገናውንም ይጨምራልና የጥገና ደረሰኙን በተጨማሪ መቀነስ አይቻልም። የበረዶ መጥረጊያው ማሽን ጥገና ግን ለሱቁ ደጅ እስከሆነ ድረስ ትክክለኛ የሥራ ወጪ ነው።

ቮልስ ማምረት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 በሜክሲኮ ሲያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። ዕቃው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ዕቃ በቀላሉ በሚገኝበት አገር ሰው ከመመርመር ይልቅ መግዛት ይቀለዋል። ስለዚህ ደብተር፣ የብልጭታ መፈተሻ፣ አንድ ሜትር የቤንዚን ቱቦና የእሳት ማጥፊያ ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ሌላውን ዕቃ የምትገዙት ደብተሩ ስሙን ከነገራችሁ በኋላ ይሁን።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደህና ሰንብቱ።